የድሮው ባለ ትልቅ አፍ ባይኖኩላር ወይስ አዲሱ? ሐዋሳ ላይ ለሚገዛ ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ሐዋሳ ላይ ባይኖኩላር የሚፈልግ አስጎብኚ፣ የአደን መሪ ወይም የዱር እንስሳት ተማሪ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንዱ ከድሮዋ ሶቭየት ኅብረት ወይም ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ ብረቱ የከበደ፣ የፊት ሌንሱ ሰፊ፣ ትከሻው ሁለት ቦታ የታጠፈ አሮጌ ዕቃ ነው። ሌላው በጎማ የተለበጠ፣ ቱቦው ቀጥ ያለ፣ ቀለል ያለ አዲስ 8×42 ነው። አሮጌውን የያዙ ሰዎች በቀላሉ አይለቁትም፤ በቂ ምክንያትም አላቸው። ያ ምክንያት ግን ለሁሉም ገዢ አይሆንም። ልዩነቱን የሚወስነው የት ቆመው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚያዩ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታ። 7×50 ማለት 7 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ነው። 50ን ለ7 ሲያካፍሉ 7.1 ይመጣል። ይህ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ባይኖኩላሩን ከፊትዎ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው ወደ ሰማይ ካዞሩት ክቧን በዓይንዎ ያዩዋታል። ከገዢዎች የሚበዙት የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የአሮጌው ባለ ትልቅ አፍ ዕቃ ምስጢር ግን ያለው በዚህች ክብ ውስጥ ነው።

የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይከፈታል። በጨለማ ወጣት ሰው ላይ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜ 50 ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ የ25 ዓመት ወጣት ጎህ ሲቀድ 7×50 ቢይዝ የሌንሱን ብርሃን ሁሉ ይጠቀምበታል። የ55 ዓመት ሰው ብሌኑ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 7 ሲባዛ በ5፣ ከ50ው የሚጠቀመው 35 ሚሊ ሜትሩን ብቻ ነው፤ የቀረው ብርሃን ከብሌኑ ውጪ ይፈሳል። ለእሱ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው አዲስ ዕቃ በምሽትም ቢሆን ከድሮው አያንስም። ይህን ስሌት ሻጭ አይነግርዎትም፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ራስዎ ይሥሩት።

ቦታውም ይቆጠራል። 7×50 እና 8×56 የጀርመን አዳኞች ዕቃ ሆነው የኖሩት በከፍታ መቀመጫ ላይ ሆነው የዱር አሳማ በጨረቃ ብርሃን ስለሚጠብቁ ነው። በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ እጅግ ይረዝማል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ዳክዬውን ከዝይው መለየት ያቅታል። የትልቁ ሌንስ የብርሃን ብልጫ እዚህ አገር ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ነው ማለት ነው። ሥራዎ በዚያች ግማሽ ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሙኔሳ ደን ዳር የደጋ አጋዘን ሲወጣ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ወይም ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ሣሩ ሲሄድ ለእንግዳ የሚያሳዩ ከሆነ፣ 7×50 ክብደቱን ይክሳል። እንግዶችዎ ከቁርስ በኋላ የሚወጡ ከሆነ ግን አንድ ኪሎ ብረት በከንቱ ይሸከማሉ።

ትልቁ ክብ በቀን የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ጀልባ ነው። ጀልባ ላይ እጅም ራስም ይወዛወዛል። የብርሃን ክቡ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዓይን ከመስመሩ በትንሹ ፈቀቅ ሲል ምስሉ ይጨልማል። 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ብሌኑ በክቡ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢልም ምስሉ አይጠፋም። የባሕር ኃይሎች 7×50ን የመረጡት ለዚህ ጭምር ነው። ከፍቅር ሐይቅ ተነሥቶ በጀልባ ወደ ጥቁር ውሃ አፍ የሚሄድ አስጎብኚ ከማንም በላይ የሚጠቀምበት ዕቃ ይህ ነው።

ዋና ዋናዎቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ከሠሪ ሠሪ ትንሽ ይለያያል፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

| ዓይነት | የብርሃን ክብ | በ1000 ሜትር ላይ የሚያሳየው ስፋት | ክብደት | በቅርብ የሚያጠራው |
|---|---|---|---|---|
| አሮጌ 7×50 | 7.1 ሚሜ | 120 ሜትር ገደማ | 1 ኪሎ ገደማ | ከ8 ሜትር ወዲያ |
| አሮጌ 8×30 | 3.75 ሚሜ | 150 ሜትር ገደማ | 500–600 ግራም | 4–6 ሜትር |
| አሮጌ 10×50 | 5 ሚሜ | 128 ሜትር ገደማ | 1 ኪሎ ገደማ | 8 ሜትር ገደማ |
| አዲስ 8×42 | 5.25 ሚሜ | 115–140 ሜትር | 600–800 ግራም | 2–3 ሜትር |

ከአሮጌዎቹ ውስጥ ለእግረኛ የምንመርጠው 8×30ውን ነው። በምሥራቅ ጀርመኗ የና ከተማ ካርል ዛይስ የሠራው የኖፕተም 8×30 እና በሶቭየቷ ካዛን ከተማ የተሠራው ቤፔጼ 8×30 እይታቸው እጅግ ሰፊ ነው። በሐይቁ ዳር ካለው ቄጠማ ውስጥ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ለመያዝ ስፋት ከማቅረብ ይበልጣል። ጉድለቱ ለዓይን መነጽር አድራጊ ነው። ዓይን ከሌንሱ ሊርቅ የሚችለው 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ መነጽር ያደረገ ሰው የሚያየው የምስሉን መካከል ብቻ ነው። መነጽር ካደረጉና ማውለቅ ካልፈለጉ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ያስፈልግዎታል፤ ያ ደግሞ የአዲሶቹ ነገር ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ አዲሱን ይግዙ።

10×50 ሜዳ ይወዳል። ሰንቀሌ ላይ ቆርኬ ከሩቅ ለመቁጠር፣ ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ሐይቁን ለማሰስ ጥሩ ነው። እጅ ግን ይደክማል፤ ድካሙም ምስሉ ላይ ይታያል። የሶቭየቱ 12×40 ደግሞ በብዙ ሻጮች እጅ አለ፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነም ቶሎ ይሸጣል። የብርሃን ክቡ 3.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ እይታው 6 ዲግሪ ነው፣ የእጅን መንቀጥቀጥ 12 ጊዜ ያበዛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሳው የሙቀት ወላፈን ራሱ ስለሚጎላ፣ አብያታ ዳር ያለውን ፍላሚንጎ በ12 ጊዜ ማየት በ8 ጊዜ ከማየት የተለየ ዝርዝር አይሰጥም። ማቆሚያ ትራይፖድ ከሌለዎት ይለፉት።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነውና።

የአሮጌዎቹ ትከሻ የታጠፈው ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ባወጣው የፕሪዝም (ብርሃን የሚያጥፍ የመስታወት ቁራጭ) አደራደር ምክንያት ነው። ብርሃን በፖሮ ፕሪዝም ውስጥ ሲገለበጥ የመስተዋት ቅብ አያስፈልገውም፤ የፕሪዝሙ ገጽ ራሱ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል። የአዲሶቹ ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ ያለው የጣሪያ ፕሪዝም ግን በአብዛኛው አንዱ ገጹ የመስተዋት ቅብ ይፈልጋል። ርካሾቹ በአሉሚኒየም ይቀባሉ፤ ከብርሃኑ አሥር በመቶ ገደማ እዚያው ይቀራል። ከዚህ በላይ፣ ብርሃኑ በጣሪያው ጠርዝ ለሁለት ተከፍሎ ሲገናኝ ዝርዝሩ ይደበዝዛል። ይህን የሚያስተካክለውን የፌዝ ቅብ ዛይስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ስለዚህ የፌዝ ቅብ የሌለው ርካሽ አዲስ 8×42 ከንጹሕና ከተስተካከለ አሮጌ ፖሮ ጋር ቢወዳደር፣ በጥራት የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው። ካርቶኑ ወይም መግለጫው የፌዝ ቅብ እንዳለው ካልጻፈ የለውም ብለው ያስቡ። ካለው ደግሞ ፍርዱ ይለወጣል፤ አዲሱ በጥራት አያንስም፣ በብርሃን ይበልጣል፣ ናይትሮጅን ተሞልቶ ከታሸገ ውሃም ጉምም አያስፈራውም።

ስለ ሌንስ ቅብም እንዲሁ። ምንም ቅብ የሌለው የመስታወት ገጽ ከሚያልፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህል ይመልሳል። በአንድ ባይኖኩላር ውስጥ ብርሃን 10 ያህል ገጾችን ቢያልፍ የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። አሌክሳንደር ስማኩላ ዛይስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ባለ አንድ ሽፋን ቅብ መጥፋቱን በአንድ ገጽ ወደ አንድ ተኩል በመቶ ያወርደዋል፤ ያኔ ከ100 ብርሃን 85 ያህሉ ይደርሳል። ሌንሱን ከመብራት በታች ያዘንብሉት። ነጭ ነጸብራቅ ካዩ ቅብ የለውም፤ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ካዩ ባለ አንድ ሽፋን ነው፤ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ደብዛዛ ነጸብራቅ ባለ ብዙ ሽፋን ነው። በየናዎቹ ላይ ኤም ሲ (ባለ ብዙ ሽፋን ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ካለ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ ነው፤ ከተገኘ ጨመር አድርጎ መግዛት ተገቢ ነው። የሶቭየቶቹ ምስል ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ለአደን መሪ ይህ አያስቸግርም፣ እንዲያውም ጭጋግ ላይ የብርሃኑንና የጥላውን ልዩነት ያጎላዋል። የላባ ቀለም ለይቶ መዝገብ ላይ ለሚጽፍ ሰው ግን ጉድለት ነው።

አሮጌ ሲገዙ ስሙን ሳይሆን ይዞታውን ነው የሚገዙት። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር እንሂድበት።

በጆሮዎ ይጀምሩ፤ ቀስ ብለው ይነቅንቁት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ፕሪዝሙ ከመቀመጫው ተነቅሏል። ቀጥሎ ብሎኖቹን ይዩ። ጭንቅላታቸው የተቦጫጨቀ ከሆነ ሙያው የሌለው ሰው ከፍቶታል፤ ፕሪዝሙን አውጥቶ አዙሮ መልሶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የስልክ መብራት አብርተው በፊት ሌንሱ በኩል በጎን ይላኩ፣ ከዓይኑም በኩል ይድገሙት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው። ቀጭን ሻጋታ ይጸዳል፤ ቆይቶ ከሆነ ቅቡን በልቶ ጠባሳ ይተዋል፣ ያ አይለቅም። እንደ እስትንፋስ የለበሰ ጭጋግ ከግሪሱ የተነነ ዘይት ነው፤ ይጸዳል። በሌንሱ ጠርዝ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ወይም አረፋ ካዩ ሁለቱን መስታወቶች ያጣበቀው ማጣበቂያ ለቋል። ይህን አይግዙ፤ ጥገናው ከዕቃው ይበልጣል።

ሁለቱን የብርሃን ክቦች ከ30 ሳንቲ ሜትር ይመልከቱ። ክብና እኩል መሆን አለባቸው። ጠርዛቸው ግራጫ ሆኖ ወደ አራት ማዕዘን ከሄደ የፕሪዝሙ መስታወት ዝቅተኛው ዓይነት ነው፤ የአንዱ ብቻ ጎኑ እንደ ጎደለ ጨረቃ ከተቆረጠ ደግሞ ፕሪዝሙ ተንሸራትቷል። በዚያው ማስመሪያ ያስጠጉና ክቧን ይለኩ። 10×50 ተብሎ ክቧ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነች፣ ወይ ውስጡ በቀለበት ጠቧል፣ ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው። መንገድ ላይ የሚሸጡት ሌንሳቸው እንደ ዕንቁ የቀላ፣ 20×50 ወይም ከዚያ የበለጠ ግነት የተጻፈባቸው ዕቃዎች በዚህች ልኬት ወዲያው ይጋለጣሉ። ቀዩ ቅብ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ምስሉ ጨለም ብሎ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እነዚህን በምንም ዋጋ አይንኩ።

የመጨረሻውና ትልቁ ምርመራ የሁለቱ ቱቦዎች መስመር ነው። ከ200 ሜትር በላይ የራቀ አግድም መስመር ይምረጡ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የጣሪያ ክዳን ጫፍ ይሆናል። አጥርተው ካዩ በኋላ ባይኖኩላሩን ቀስ እያሉ ከዓይንዎ 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። በግራና በቀኝ ክብ ውስጥ ያለው መስመር አንድ ሆኖ መቀጠል አለበት። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ ተዛብቷል። ወደ ጎን ትንሽ መዛነፍን ዓይን ይችለዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች መዛነፍን ግን አይችልም። አእምሮ ሁለቱን ምስሎች በግድ ያጋጥማቸዋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይመጣል። ሻጩ «ዓይንህ እስኪለምድ ነው» ቢል አይስሙት። የየናዎቹ የፊት ሌንስ የሚዞሩ የማስተካከያ ቀለበቶች ስላሉት የሚያውቅ የካሜራ ጠጋኝ ሊመልሰው ይችላል፤ ያንን ዋጋ ከመግዣው ላይ ያስቀንሱ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አያዙሩት፤ ዓይን ያጠፋል።

የፎከስ ጎማው ከደረቀ የድሮው ግሪስ ጠጥሯል ማለት ነው፤ በሶቭየቶቹም በየናዎቹም የተለመደ ነው። ጋዝም ሆነ ማላሊያ ዘይት አያንጠባጥቡበት። ቀጭን ዘይት በክሩ ውስጥ ሰርጎ ፕሪዝሙ ላይ ይደርስና የሚሠራ ዕቃ ጭጋጋም ያደርገዋል። ተፈትቶ፣ አሮጌው ግሪስ ተጠርጎ፣ አዲስ በትንሹ መቀባት አለበት። የዓይን ሌንሶቹን የያዘውን ድልድይም በጣት ተጫን አድርገው ያዩታል፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ባዩ ቁጥር አንዱ ዓይን ይደበዝዛል።

ብዙዎቹ የወታደር 7×50ዎች መካከል ላይ የፎከስ ጎማ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ይጠራል። ይህን አይተው «ተሰብሯል» ብለው የሚመልሱ ገዢዎች አሉ፤ ስህተት ነው። አንድ ዓይን ሸፍነው በሩቅ ኮረብታ ላይ ግራውን ያጥሩ፣ ቀኙን ይድገሙ፣ ቀለበቱ ላይ የቆመውን ቁጥር ይያዙ። ከዚያ በኋላ ከ40 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለው ሁሉ ሳይነካካ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለጀልባና ለሜዳ ከዚህ የፈጠነ ነገር የለም። ለጉሬዛና ዛፍ ላይ ላሉ ትናንሽ ወፎች ግን፣ በተለይ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ፣ ርቀቱ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ አይሆንም። እዚያ 2 ሜትር ድረስ የሚያጠራው አዲሱ 8×42 ያለ ተወዳዳሪ ይመረጣል።

በአንዳንዶቹ የሶቭየት ወታደር ባይኖኩላሮች ውስጥ የሚታዩት ጭረቶች ቆሻሻ አይደሉም፣ የርቀት መለኪያ ናቸው። ትንሹ ክፍል 5፣ ትልቁ 10 ሚል ነው፤ ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው። የታወቀውን ቁመት በሜትር ወስደው በ1000 ያባዙና በሚሉ ቁጥር ያካፍሉት። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የሚቆመው፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው አባ ኮዳ 5 ሚል ከሞላ 300 ሜትር ላይ ነው። ለአደን መሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ በአዲሱ 8×42 ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በአንጻሩ የወታደር ምልክት ያለበት ዕቃ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ከውጭ የሚያስመጡም ከሆነ ባይኖኩላር ቦሌ ላይ ሊያዝ ስለሚችል አስቀድመው ጉምሩክን ይጠይቁ።

ዋጋ እዚህ አልጻፍንም፤ ምንዛሬው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለወጣልና። አሮጌውን ሲያሰሉ ግን የአንድ ጊዜ ጽዳትና ማስተካከያ በመግዣው ላይ ይደምሩ። ድምሩ የፌዝ ቅብ ካለው አዲስ ጋር ከተቀራረበ፣ በጀልባ ወይም በድንግዝግዝ ለሚሠራ ካልሆነ በቀር፣ አዲሱን ይውሰዱ።

ሐዋሳ ላይ አሮጌውን የሚገድለው እርጥበት ነው፤ እንደ አዲሱ የታሸገ አይደለም። አብሮት የመጣውን የቆዳ ማኅደር ለጌጥ ያስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ሻጋታ ያሳድጋል። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያኑሩት፤ ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ በምድጃ 120 ዲግሪ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት አድርቀው ይመልሱት። በበጋ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ሹል ብናኝ ስላለበት በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ የተወለወለ ሌንስ ቅቡ ይፋቃል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይንፉ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ ብቻ የሌንስ ጨርቅ። አንድ ኪሎውን ዕቃ በቀጭን ገመድ አንገት ላይ አያንጠልጥሉ፤ በሁለት ትከሻ የሚታሰር ማንገቻ ያሰፉለት።

ሻጩ ከፈቀደ ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም ይዘው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሐይቁ ዳር ይቁሙ። ማዶ ቄጠማው ውስጥ አንድ ወፍ መርጠው እያቀያየሩ ይዩት፣ በየትኛው ቀድሞ እንደሚጠፋብዎትም በደቂቃ ይመዝግቡ። ልዩነቱ ከአምስት ደቂቃ ካነሰ ቀላሉን ይዘው ይሂዱ።